አይቶ መናገር

በዚህ ዓመት በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ አንድ ትምህርት ስላገኘሁ፥ ነገሩ የሚያሳፍረኝ ቢሆንም፥ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

አጎቴ እዚሁ ላሊበላ አስጎብኚ ነው። እንግሊዝኛዬ እንዲሻሻል ብሎ የእንግሊዞችን የወንጀል ምርመራ ድራማዎች በፍላሽ እየጫነ ያመጣልኛል። ድራማዎቹ ያለፈውን ዘመን ስለሚያሳዩ አሮጌ መኪናዎች ሞልተውባቸዋል። ኢንስፔክተር ሞርስ የተባለው መርማሪ ቀይ ጃጓር ማርክ 2 ይነዳል፤ ፎይል የተባለው ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሴት ሹፌር በምትነዳው ዎልስሊ ይሄዳል። እኔ ገዳዩን ስፈልግ አያቴ ግን መኪናውን ይፈልጋሉ።

አያቴ በወጣትነታቸው፥ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ፥ የላንድሮቨር ሹፌር ረዳት ነበሩ። ያን ጊዜ መኪና ወደ ላስታ የሚወጣው በበጋ ነበር፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ ለበቅሎና ለእግረኛ ይለቀቅ ነበር። ዳገቱ ላይ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ድንጋይ የሚያስገቡት እርሳቸው ነበሩ።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በማነሱ አካሉን ከአሉሚኒየም ሠሩት። አያቴ ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩም፤ ምልክቱን ግን ያውቃሉ። «የፊት መብራቶቹ መካከል ላይ፥ ከፍርግርጉ ጋር ከሆኑ አሮጌው ነው፤ ወደ ፓራፋንጎው ከወጡ አዲሱ ነው» ይላሉ። እኔም በኋላ ባነብ፥ መብራቶቹ ወደ ጎን የወጡት በፈረንጆች 1960ዎቹ ማብቂያ ላይ ሆኖ አገኘሁት። መሪው በቀኝ መሆኑ ሲያስገርመኝም፥ አገራችን ራሷ እስከ ሰኔ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ እንደ ነበር የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን የዓይን ሞራ ጋረዳቸው። ስለዚህ እኔ ዓይናቸው ሆንኩ። «ምን መጣ? መብራቱ የት ነው?» ይሉኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ።

አንድ ቀን ማታ በፈረንጆች 1950ዎቹ ስለ ተፈጸመ ግድያ የሚናገር ድራማ ስናይ፥ ከአንድ ጎተራ ኋላ ላንድሮቨር ቆሞ ታየ። «መብራቱ የት ነው?» አሉኝ። ገዳዩ ሊገለጥ ጥቂት ቀርቶት ነበርና፥ ልብ ብዬ ሳላይ «በፓራፋንጎው ላይ ነው፥ አባባ» አልኳቸው። አያቴም ሳቁና፥ «እንግዲያው ፈረንጆቹ ተሳስተዋል! ይህ መኪና በዚያ ዘመን አልነበረም» አሉ።

በማግሥቱ ይህንኑ ለአንድ የቀድሞ ሹፌር ወዳጃቸው በኩራት አወሩላቸው። ወዳጃቸውም ስሕተቱን ለማየት እኛ ቤት መጡ። ድራማውን እንደገና ብከፍተው መብራቶቹ ከፍርግርጉ ጋር መካከል ላይ ናቸው! «ያው የእኛው አሮጌ ነው እኮ፤ ረሳኸው እንዴ?» ብለው እንግዳው ሳቁ። አያቴ ዝም አሉ። እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ።

እንግዳው ከሄዱ በኋላ አያቴ ቀስ ብለው፥ «እርጅና ነው፤ ረስቼ ይሆናል» አሉ። ይህ ቃል ልቤን ወጋኝ። «አልረሱም፥ አባባ! ሳላይ የነገርኩዎት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ብዙ ቆይተው፥ «ልጄ፥ ዓይኔ ሲደክም እችለዋለሁ፤ የማውቀው ነገር የጠፋብኝ መስሎኝ ግን ፈርቼ ነበር። አሁን ሂድና ለወዳጄ ንገር» አሉኝ። ሄጄ ነገርኳቸው። ሽማግሌውም ሳቅ ብለው፥ «እንግዲህ ጥፋተኛው ተገኘ በለው» አሉኝ።

ሞራው በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ስለሆነ፥ አጎቴ አያቴን ወደ ሐኪም ሊወስዳቸው ገንዘብ በማጠራቀም ላይ ነው። እስከዚያው ድረስ መኪና በታየ ቁጥር ድራማውን አቆምና፥ መብራቱን፥ መሪውንና ጎማውን አይቼ እነግራቸዋለሁ። ገዳዩ ጥቂት ይጠብቀን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ በየቤታችን ዓይናቸው የደከመ፥ ወይም ማንበብ የማይችሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። ደብዳቤ አንብብልኝ፥ ይህ ምንድን ነው ሲሉን የሚያምኑት እኛን ነው። እንግዲህ ከመናገራችን በፊት እንይ።