ያልመለስሁት ጥያቄ

«ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ይህ ምሳሌ የሚነገረው መጠየቅን ለሚያፍር ሰው ነው። እኔ ግን ተጠይቆ መልሱን ለማያውቅ ሰውም እንደሚሆን ከአንዲት ትንሽ ተማሪ ተማርሁ።

አራተኛ ክፍልን ሳስተምር አንድ ቀን ስለ ጠጣር፥ ስለ ፈሳሽና ስለ ጋዝ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። «ጠጣር የራሱ ቅርጽ አለው፤ ፈሳሽ የተጨመረበትን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል፤ ጋዝ ያገኘውን ስፍራ ሁሉ ይሞላል» እያልሁ ባነብላቸው ልጆቹ በአንድ ድምፅ ተቀበሉኝ። ድምፃቸው ስላማረኝ ትምህርቱ የገባቸው መሰለኝ።

በዚያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ተነሥታ፥ «መምህር፥ እንግዲያስ ዱቄት ፈሳሽ ነውን? በአቁማዳ ሲጨምሩት የአቁማዳውን፥ በጣሳ ሲሰፍሩት የጣሳውን ቅርጽ ይይዛልና» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለትን ግን አፈርሁና «ወፍጮ ቤት ሄደሽ ጠይቂ» አልኋት። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እርስዋም አንገትዋን ደፍታ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እጅዋን አላነሣችም። ዝምታዋን ባየሁ ቍጥር ኅሊናዬ ይወቅሰኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ያልላመ የበቆሎ ዱቄት፥ ውሃ፥ ሁለት ትሪና አንድ ማጉያ መነጽር ይዤ ገባሁ። በልጆቹም ፊት፥ «ባለፈው የተጠየቅሁትን አላውቀውም ነበር፤ ስለዚህ በማሾፌ በድያለሁ፤ ይቅር በዪኝ» አልኋት። ከዚያም ዱቄቱንና ውሃውን በየትሪው እንድታፈስስ ሰጠኋት። ዱቄቱ እንደ ትንሽ ኮረብታ ተቈለለ፤ ውሃው ግን ተዘርግቶ ገጹ ተስተካከለ። ዱቄቱን በመነጽር ብታየው እያንዳንዱ ፍርፋሪ የየራሱን ቅርጽ ይዞ አገኘችው። «ለካ ዱቄት የብዙ ጥቃቅን ጠጣሮች ክምር ነው» አለች። ይህን እኔ አልነገርኋትም፤ ዓይንዋ ነገራት።

ቀጥሎ ወደ ሜዳ ወጣን፤ ልጆቹም በዓይን የማይታዩትን የውሃ ቅንጣቶች ሊመስሉ ተስማሙ። በመጀመሪያ ተያይዘው በረድፍ ቆሙ፤ ቦታቸውን ሳይለቁ ግን ይወዛወዙ ነበር፤ ይህ በረዶ ነው። ሁለተኛ መያያዛቸውን ትተው፥ ሳይራራቁ አንዱ በሌላው አጠገብ እየተሹለከለከ ያልፍ ጀመር፤ ይህ ውሃ ነው። ሦስተኛ ተበታትነው ወደ አራቱ ማዕዘን ሮጡ፤ ይህ እንፋሎት ነው። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ከ1600 እጥፍ የሚበልጥ ስፍራ ይይዛልና፥ የእኛ ሜዳ ለዚህ ከቶ አይበቃም ነበር።

አንድ ልጅ፥ «በረዶ ሲቀልጥ ቅንጣቱም ራሱ ይቀልጣልን?» ብሎ ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት ያች ልጅ፥ «እኛ ስንሮጥ መቼ ቀለጥን? ያው እኛው ነን፤ የተለወጠው አቋቋማችንና አካሄዳችን ብቻ ነው» ብላ መለሰችለት። ከዚህ የተሻለ መልስ እኔም አልነበረኝም። ከመልሱ ይልቅ ግን ድምፅዋ በመመለሱ ደስ አለኝ።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1827 ዓ.ም. ሮበርት ብራውን የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ፥ የዕፀዋት ሊቅ፥ ከአበባ ብናኝ የወጡ ጥቃቅን ነገሮች በውሃ ውስጥ ያለ ዕረፍት ሲንቀጠቀጡ በማጉያ መሣሪያ አየ። ሕይወት ስላላቸው ይሆን ብሎ ሕይወት የሌለውን የድንጋይ ብናኝ ቢመረምር ያም ተንቀጠቀጠ። ምክንያቱን ባያውቅም ያየውን ጽፎ ለዓለም አስታወቀ። በ1905 ዓ.ም. አልበርት አይንሽታይን፥ የማይታዩት የውሃ ቅንጣቶች ከየአቅጣጫው ስለሚገፏቸው እንደ ሆነ በስሌት አስረዳ። እነሆ፥ ያ ጥያቄ 78 ዓመት ቆየ፤ ሳይናቅ ስለ ተጠበቀ ግን መልስ አገኘ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ያልገባችሁን ለመጠየቅ አትፈሩ፤ የሚስቅባችሁም ቢኖር አትዘኑ። እናንተም ነገ መምህር ወይም ወላጅ ሆናችሁ የማታውቁትን ብትጠየቁ፥ «አላውቅም፤ ና አብረን እንመርምር» በሉ። ይህን ቃል ለማለት ጥቂት ማፈር ይበቃል፤ ሳይባል የቀረ እንደ ሆነ ግን አንድ ሕፃን ለዘወትር ዝም ሊል ይችላል።