ስለ እጅ ሥራ አስተማሪዎች የምስክር ወረቀትና ስለ ወጪው

ሰው ቤት ሲሠራ ስለ በሩና ስለ መስኮቱ፥ ስለ ጣራውና ስለ መብራቱ ብዙ ያስባል፤ በዋጋውም ከሠራተኛው ጋራ ሲከራከር ይውላል። ነገር ግን ይህን አናጢ ማን አስተማረው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አስተማሪውስ ለማስተማር የበቃ መሆኑን ማን መረመረው የሚለው ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂት ነው። እኛ ግን ይህ ነገር የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የየቤቱ ጉዳይ መሆኑን ስለምናምን፥ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ጥቂት ቃል ልንናገርበት ወደድን።

በአገራችን የእጅ ሥራ ብዙ ዘመን ሲናቅ መኖሩ የታወቀ ነው። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፥ ቆዳ ሠሪው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ከጠላት ወረራ በኋላም በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ስልት ደግሞ ተማሪው በክፍል ውስጥ በቈጠረው ዓመት ሳይሆን ሠርቶ በሚያሳየው ብቃት እንዲመዘን ወሰነ። በ2003 ዓ.ም. የሙያ አስተማሪዎችን የሚያሠለጥን የፌዴራል ተቋም ቆመ። እንግዲህ ስድቡ በዐዋጅ ተከለከለ፤ ትምህርት ቤቱም ተሠራ፤ የቀረው አስተማሪውን በሚገባ ማስመስከር ነው።

የአስተማሪ ምስክር ወረቀት ሁለት ነገር ሊመሰክር ይገባዋል፤ አንደኛው ሥራውን ማወቁን፥ ሁለተኛው ያወቀውን ለሌላ ማስተላለፍ መቻሉን ነው። ሥራ ዐውቆ ማስተማር የማይችል አለ፤ ንግግሩ አምሮ እጁ የማይታዘዝለትም አለ። የብየዳን ነገር እንመልከት። የተበየደ ብረት ከላይ ሲያዩት ለስልሶ ያምራል፤ ውስጡ ግን አረፋ ይዞ ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህም የሚታወቀው ብረቱን ቈርጠው ወይም አጥፈው ሲመረምሩት ነው። ይህን ምርመራ ያልተማረ አስተማሪ መልኩን ብቻ አይቶ ለተማሪው ማለፊያ ይሰጠዋል። የመብራት ሥራም እንዲሁ ነው፤ ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ ሳይዘረጉ አምፖሉ ይበራል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ግን የልብስ መተኰሻውን የያዘችው እመቤት ስትመታ ነው። አንድ ሠራተኛ ቢሳሳት አንድ ቤት ይበላሻል፤ አንድ አስተማሪ ቢሳሳት ግን ስሕተቱ በተማሪዎቹ ቍጥር ይባዛል። ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል የተባለውም ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ ወጪውን ማን ይክፈል? በጎረቤታችን የእንጨት ሥራ የሚያስተምር አንድ ትጉህ ሰው አለ። ለምዘና ሳይቀርብ ብዙ ጊዜ መቈየቱን ሰምተን ምክንያቱን ጠየቅነው። እርሱም፥ «ጋሼ፥ እኔ ፈተናውን አልፈራሁትም፤ የፈራሁት የወሩን መጨረሻ ነው» ሲል መለሰልን። ቀጥሎም ባለቤቱ ሒሳቡን አንድ በአንድ ነገረችን። የምዘናው ክፍያ አለ፤ ወደ ምዘናው ስፍራ የመጓጓዣና የማደሪያ አለ፤ እጁን ለማፍታት የሚላግ ጣውላ አለ፤ ማታ ማታ በሰው ቤት ሠርቶ ያገኝ የነበረው የሚቀርበትም ቀን አለ። ከወዲህ ደግሞ የልጆች ደብተርና ጫማ፥ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ አለ። «ወረቀቱ ለእርሱ ክብር ነው፤ እኔ ግን ክብርን ለልጆቼ እራት ላቀርብላቸው አልችልም» አለችን። እኛም በዚህ ቃል ላይ የምንጨምረው አላገኘንም። የሕዝብ ጥቅም የሆነው ነገር በአንዲት እናት የጓዳ ሒሳብ ሲቈረጥ አይተናልና።

አንዳንድ ሹማምንት፥ «ምስክር ወረቀቱ ደመወዙን የሚያሳድገው ለራሱ ነው፤ መንግሥት ቢከፍልለት ነገ ወደ ግል ፋብሪካ ይሄዳል» ይላሉ። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን መድኃኒት አለው። በመንግሥት ገንዘብ የተመሰከረለት ሰው የተወሰነ ዓመት በትምህርት ቤቱ እንዲያገለግል ውል ይግባ፤ ውሉን ቢያፈርስ የቀረውን ይመልስ።

በጀርመን አገር የእጅ ሥራ ሊቅ ለመባል የሚፈለግ ሰው አራት ክፍል ያለው ፈተና ይፈተናል። ይኸውም ሠርቶ ማሳየት፥ የሙያው ዕውቀት፥ የሒሳብና የሕግ ነገር፥ አራተኛውም ሌላውን የማስተማር ዘዴ ነው። ለዚህም በ1988 ዓ.ም. በቆመው ሕግ መንግሥቱ ይረዳዋል። በ2012 ዓ.ም. በተሻሻለው ደንብ መሠረት እስከ 15,000 ዩሮ ከሚደርሰው የትምህርትና የፈተና ወጪ እኩሌታው በስጦታ ይሰጠዋል፤ ለቀረው እኩሌታ ብድር ሊወስድ ይችላል። ፈተናውን ሲያልፍም ከዚያ ብድር ላይ እኩሌታው ይማርለታል። እንግዲህ ወጪው 10,000 ዩሮ የሆነበት፥ እኩሌታውን ተበድሮ ፈተናውን ያለፈ ሰው ከዋናው ገንዘብ የሚከፍለው 2,500 ብቻ ነው። ሰነፍን አያሰንፍም፤ ትጉህንም አያስርብም።

እኛ ባለጠጋ አገር አይደለንምና ልኩን እንደ አቅማችን እናድርገው። የመጀመሪያውን ምዘና ወጪ ሙሉውን መንግሥት ይክፈል፤ የወደቀ ሰው በሁለተኛው ጊዜ እኩሌታውን ከራሱ ያውጣ። የሚለማመድበትን ዕቃ ትምህርት ቤቱ ይስጠው፤ የፈተናው ቀን ከደመወዙ አይቈረጥ። መዛኙም ከዚያው ትምህርት ቤት ባልደረቦች አይሁን፤ ወዳጅ ለወዳጁ ሲመሰክር ወረቀቱ ዋጋ ያጣልና። ሕፃን የምታጠባ አስተማሪ ከቤቷ ሩቅ ሄዳ እንዳትንገላታ የምዘናው ስፍራ በየአውራጃው ይቅረብላት። ገንዘቡም በሌላ ርእስ ሥር ሳይሸሸግ በራሱ ስም በበጀት ይጻፍ፤ ስም የሌለው ገንዘብ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ይቈረጣልና።

ገንዘብ አንሶ ከአዲስ መኪና ግዢና ከአስተማሪው ምስክርነት አንዱን ምረጡ ብንባል፥ አስተማሪውን እንመርጣለን። የበቃ አስተማሪ በአሮጌ መላጊያ ደኅና አናጢ ያወጣል፤ ያልበቃ ሰው ግን አዲሱን መኪና አበላሸዋለሁ ብሎ ስለሚፈራው በሸራ ሸፍኖ ያኖረዋል።

እንግዲህ እናንተ በሹመት ያላችሁ ክቡራን፥ በጀት በምትመረምሩበት ጊዜ ይህን ነገር እንድታስቡት በትሕትና እናሳስባለን። እናንተም ወላጆች፥ ልጃችሁን ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ስትልኩ አስተማሪው የተመሰከረለት መሆኑን ጠይቁ፤ አልሆነም ቢሏችሁ ሰውዬውን ከመንቀፋችሁ በፊት ወጪውን ማን እንዲችል እንደተተወ መርምሩ።