ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተውነው

ቅዳሜ ጠዋት በቤታችን ሁለት ዝርዝር ይሠራል። አንደኛው የእሁድ የአገልግሎት ተራ ነው፤ ማን አምልኮ ይመራል፣ ማን ይጸልያል፣ ማን ቃል ያካፍላል። ሁለተኛው በስልካችን ላይ ያለው የፋንታሲ ቡድናችን አሰላለፍ ነው።

"መጋቢም ፋንታሲ ይጫወታል?" የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እንጫወታለን። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ሊግ ሲያቋቁሙ አባቶችም ግቡ ብለው ለመኑን፣ ከልጃችን ጋር በአንድ ቡድን ገባን። ገንዘብ የለበትም። የስንቱ ወጣት ደመወዝ ከሚቀልጥበት ውርርድ ጋር አታምታቱብን።

ለማታውቁት በአጭሩ፦ በ100 ሚሊዮን የምናብ ፓውንድ ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 15 ተጫዋቾች ትገዛላችሁ፤ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ አይቻልም። በየሳምንቱ 11 ታሰልፋላችሁ፣ 4ቱ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የካፒቴናችሁ ነጥብ እጥፍ ይሆናል። ወንበር ላይ ያለው ምንም ያህል ድንቅ ቢጫወት፣ ካሰለፋችኋቸው አንዱ ጨርሶ ሜዳ ካልገባ በቀር ነጥቡ አይቆጠርላችሁም። የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው በሩ ይዘጋል። ቅዳሜ ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ 7 ሰዓት ነው፤ እንግሊዞች ለክረምታቸው ሰዓታቸውን ሲመልሱ 8 ሰዓት።

መግዛቱ አይከብድም፣ ማሰለፉ ነው የሚከብደው። ሃላንድን ማንም ያሰልፋል። ክርክሩ አሥራ አንደኛው ሰው ላይ ነው። በ3 ጨዋታ ምንም ያላመጣው አማካይ ደካማ ቡድን ስለሚገጥም ይግባ? ወይስ በርካሽ የገዛነው ተከላካይ? ልጃችን ቁጥር ያያል። እኛ ደግሞ ቂም እንይዛለን። አዎ፣ ቂም! ካፒቴን አድርገነው ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ አጥቂን በሚቀጥለው ሳምንት ስሙን ማየት አንፈልግም። ልጃችን "አባዬ፣ ሰውዬው እኮ አንተን አያውቅህም" ይለናል።

አንድ ጊዜ በራሱ መረብ ላይ ያስቆጠረ ተከላካይ ነበረን። ተቀየምነውና በሚቀጥለው ሳምንት ወንበር ላይ አስቀመጥነው። በዚያ ሳምንት ቡድኑ ጎል ሳይገባበት አሸነፈ፣ ጎሉንም ያገባው እሱ ነው። ከ60 ደቂቃ በላይ ስለተጫወተ 2፣ ለጎሉ 6፣ ጎል ስላልገባባቸው 4፣ ቦነስ 3፣ በድምሩ 15 ነጥብ። ሁሉም ወንበር ላይ ቀረ። ፋንታሲው ደግሞ ይህን አይደብቅላችሁም፤ ወንበር ላይ የተዋችሁትን ነጥብ ቆጥሮ ያሳያችኋል።

እሁድ ማታ ልጃችን ሲስቅብን ቆየና፣ "ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ቆጥሮ የሚያሳይ ነገር ቢኖራት" አለ።

ማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅነውም፤ ገብቶናል።

አንድ ወንድም አለ፤ አምልኮ ይመራ ነበር። እንግዶች በጠራንበት ትልቅ ፕሮግራም ላይ እመራለሁ ብሎ ቀረ፣ ስልኩም ዝግ ሆነ። ሕዝቡ ተቀምጦ እኛ ከመድረክ ጀርባ የምንይዘውን የምንጨብጠውን አጣን። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ምክንያቱን ግን አልተናገረም። "ጌታ ይባርክህ" ብለን ሸኘነው። ከዚያ ወዲህ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ስሙ በአገልግሎት ተራው ላይ አልወጣም። ማንም አልከለከለውም፣ ሽማግሌዎችም አልተሰበሰቡበትም። ብቻ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ብዕራችን ስሙን እየዘለለ አለፈ። እሱም አላጉረመረመም። በየእሁዱ መጥቶ በግድግዳው በኩል ይቀመጣል፣ ሲዘመር ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

የሐዋርያት ሥራ 15ን ስንት ጊዜ ሰብከናል። ማርቆስ በጵንፍልያ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሶ ነበር፤ ለምን እንደተመለሰ ሉቃስ አይነግረንም። ለሁለተኛው ጉዞ በርናባስ ይሄድ አለ፣ ጳውሎስ አይሄድም አለ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ፣ ጳውሎስ ሲላስን መርጦ በሶርያና በኪልቅያ በኩል ሄዱ። ኮሌጅ ሳለን ከጳውሎስ ጎን ቆመን ጽሑፍ አቅርበናል። መንገዱ ከባድ ነው፣ የሚሸሽ ሰው አይያዝም የሚል ነበር ክርክራችን። አሁንም ጳውሎስ ተሳሳተ አንልም፤ ሉቃስ ራሱ አልፈረደም። ጳውሎስም ቢሆን በኋላ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዞለት እንዲመጣ ይጠይቃል።

ሉቃስ ጠቡን የጠራበት የግሪክ ቃል ፓሮክሲስሞስ ነው። ያው ቃል በዕብራውያን 10 ላይ ቅዱሳን ለፍቅርና ለመልካም ሥራ እርስ በርስ መነቃቃት እንዳለባቸው ለመናገር ገብቷል። ይህን ለተማሪዎች በኩራት የምንናገረው ነገር ነበር። በዚያ እሁድ ማታ የታየን ግን ሌላ ነው። ማርቆስ ስለ እሱ የሚጣላለት ሰው ነበረው። ስለ እኛ ወንድም ግን ጠብ እንኳ አልተነሣም።

ፋንታሲው ላይ አንድ ተጫዋች ሲጎዳ ከስሙ ጋር ምልክት ይወጣል፤ የመሰለፍ ዕድሉ 75 በመቶ ነው፣ 50 ነው፣ 25 ነው ይላችኋል። ከጨዋታው በፊት አሠልጣኞች መግለጫ ሲሰጡ ከልጃችን ጋር ጆሮ ሰጥተን እንከታተላለን። ማንቸስተር ያለ፣ በዓይናችን አይተነው የማናውቀው ጎረምሳ የጭኑ ጡንቻ እንዴት እንዳደረ አጣርተን እናውቃለን። በሁለት ታክሲ የምንደርስበት ወንድማችን ያን ቀን ምን አግኝቶት እንደቀረ ግን አንድም ቀን አልጠየቅነውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጃችን ፈተና ነበረው፤ አሰላለፉን ለእኛ አደራ ብሎ ወጣ። እኛ ግን የአገልግሎት ተራውን ሳንጽፍ ተነሥተን ወደዚያ ወንድም ቤት ሄድን። 4 ሰዓት ላይ ገብተን ከ8 ሰዓት በኋላ ወጣን። እናቱ ቡና አፈሉልን፣ ሦስተኛውንም ጠጣን። የነገረንን እዚህ አንጽፍም፤ የራሱ ጉዳይ ነው። ይቅርታ የጠየቅነው ግን በዚህኛው ዙር እኛ ነን። ነገ ምራ አላልነውም፣ እሱም አልጠየቀም። "መጀመሪያ ከኋላ ሆኜ ልዘምር" አለን። ረቡዕ ልምምድ ላይ ሰዓቱን አክብሮ መጣ።

ቡድናችን እንደምታስቡት ሆነ። ያለፈው ሳምንት አሰላለፍ እንዳለ ገባ፤ ካፒቴናችን ቀይ ምልክት ያለበት፣ ጉዳተኛ። ማታ ልጃችን ስልኩን ከፍቶ ጮኸብን፦ "አባዬ! የት ነበርክ?"

የት እንደነበርን ነገርነው። ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አዞረልን። ካፒቴናችን ሜዳ ስላልገባ፣ ያ የተቀየምነው ተከላካይ ከወንበሩ ተነሥቶ በራሱ ጊዜ ገብቶልናል። ቢጫ ካርድ አይቶ 1 ነጥብ አምጥቷል።