ላይ ጠብቀው

የ6ኛ ክፍል ካርዴ ከቤታችን ኮርኒስ በአንድ ስንዝር ብቻ ዝቅ ብሎ ተሰቅሎ ይኖራል። ከሱ በታች የአባቴና የእናቴ የሠርግ ፎቶግራፍ አለ፤ ከዚያ በታች ደግሞ የዘመን መቁጠሪያው። ቤታችን የገባ እንግዳ ሁሉ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ያየዋል፤ ማንበብ ግን አይሆንለትም። «የቤቱ ካርታ ነው?» ብላ የጠየቀችም ጎረቤት ነበረች።

ጥፋቱ የመምህሬ ነው፤ ወይም የእንግሊዝኛው። በዚያ ዓመት ከክፍሉ 3ኛ ወጥቼ ነበርና የክፍላችን ኃላፊ ለአስተያየት በተተወው መስመር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ኪፕ ኢት አፕ» ብለው ጻፉልኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። እንግሊዝኛው ከስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ አያልፍም። ሰው መጠየቅ ደግሞ አልወደደም። ከጎረቤታችን፣ ከአንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ ያዘጋጁትን የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ተውሶ መጣና ከስፌት መኪናው አጠገብ ዘርግቶ፣ መስመሩን በሜትሩ ጫፍ እየተከተለ ፈለገ። «ኪፕ»፣ ጠበቀ። «ኢት»፣ እሱን። «አፕ»፣ ወደ ላይ።

«በይ መሰላሉን አምጪ» አለኝ። «ላይ ጠብቀው ነው የሚሉት። ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ እዚህ ቤት ታች የተቀመጠ ወረቀት አይበረክትም።» ያን ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ያገኘውን ሁሉ የሚቀድበት ዕድሜ ላይ ነበር።

ትክክለኛውን ትርጉም የሰማሁት 8ኛ ክፍል ነው። አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ጥያቄ ሲመልስ የእንግሊዝኛ መምህራችን «ኪፕ ኢት አፕ» አሉትና «በዚሁ ቀጥል፣ እንዳትለቅ ማለት ነው» ብለው ተረጎሙልን። ክፍሉ ያጨበጭብለታል፤ የኔ ጆሮ ይግላል። እቤት ገብቼ ቀና ብዬ ካርዱን አየሁት። ያን ዓመት ደረጃዬ 19ኛ ነበር። በዚሁ ቀጥይ የተባለችው ልጅ አልቀጠለችም። በአባቴ ትርጉም ከሄድን ግን የጎደለ ነገር የለም፤ ካርዱ ላይ ነው፣ ተጠብቋል። ለአባቴ ሳልነግረው ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ የእንግሊዞች የማበረታቻ ቃል በሰማሁ ቁጥር መፈልፈል ይቃጣኛል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ብዙው ወደ ላይ ነው። ኪፕ ኢት አፕ፣ ቺር አፕ፣ ቺን አፕ። (እኛም «ቀና በል» እንላለንና እነሱን ብቻ ማማት አይገባም።) «ቺር» ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ትርጉሙ ፊት ነበር። ስለዚህ «ቺር አፕ» ከእናቴ «ፊትሽን ፍቺው» እምብዛም አይርቅም። «ኢንከሬጅ» የሚለው ቃል ሆድ ውስጥም ልብ አለ፤ የኛን «የልብ ልብ ሰጠው» ይመስላል። እኛ ዘንድ ግን የልብ ልብ የተሰጠው ሰው ውሎ ሳያድር ይጠግባል ተብሎ ይፈራል።

አንዳንዱ ቃል ደግሞ ጆሯችን ላይ ሲያርፍ ይገለበጣል። ዛሬ የቀረውን የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ልፈተን በማለዳ ስወጣ የጎረቤት ልጅ ከበሩ ሆኖ «ጉድ ላክ!» ብሎ ጮኸልኝ። አያቴ ነጠላቸውን ሰብስበው «ምን አደረግንህ ልጄ? ምን ጉድ ይላክብን ትላለህ?» አሉና አማተቡ። ዕድልሽ ይቃና ማለቱ እንደሆነ ባስረዳቸው «ታዲያ ይቅናሽ አይልም?» አሉኝ። እንግሊዞችም እኮ እሱ ነበራቸው። «ጎድስፒድ» ሲሉ ዛሬ ስለ ፍጥነት ያወሩ ይመስላል እንጂ «ስፒድ» በጥንቱ እንግሊዝኛ መሳካት፣ መቃናት ማለት ነበር። እግዜር ያቅናሽ ነው ነገሩ።

እንኳንም «ብሬክ ኤ ሌግ»ን አልሰሙ! ወደ መድረክ ሊወጣ ለተሰናዳ ተዋናይ የሚባል ነው፤ «እግርህን ስበር» ማለት። ምንጩ ብዙ ይባልለታል፤ በቲያትር ሰዎች ዘንድ ግን መልካም ዕድልን በግልጽ መመኘት ዕድሉን ያበላሻል የሚል ፍርሃት አለ። ጀርመኖች አንገቱንም ጨምረው ነው የሚሰብሩት። የሰው ሕፃን አይታ «ሲያምር!» ካለች በኋላ ቶሎ ብላ «እትፍ እትፍ» የምትል የሰፈራችን ሴት ነገሩ በደንብ ይገባታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የአንድ ወረቀት ታሪክ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1939 ጦርነቱ ሲመጣ «ኪፕ ካልም ኤንድ ካሪ ኦን» የሚል ማስታወቂያ ወደ 2.5 ሚሊዮን ቅጂ አሳተመ። ተረጋጉ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ ነው። ክፉው ቀን ሲብስ ይለጠፋል ተብሎ ተቀመጠ፤ ቦምቡ ዘነበ፣ ወረቀቱ ግን ከጥቂቱ በቀር ሳይለጠፍ ቀረና አብዛኛው ተፈጭቶ መልሶ ወረቀት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ቅጂ አልንዊክ በምትባል ከተማ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥበት ቤት ተገኝቶ ነው በዓለም የታወቀው። መንግሥት ሳይሰቅል የቀረውን አባቴ በአንድ ሚስማር ሰቀለው።

ባለፈው ክረምት አባቴ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ቤት ተኝቶ ነበር። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ የ11 ዓመት ልጅ አለው፤ አማርኛ ይሰማል፣ አይጽፍም። በስልኬ ላከ፤ «ሃንግ ኢን ዜር፣ አባባ»።

«ምን ይላል?» አለኝ አባቴ።

«አይዞህ ይልሃል።»

«ስንት ቃል ነው እሱ?»

«ሦስት።»

«አይዞህ አንድ ነው። የቀረውን የት ጣልሽው?» ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲጎድል ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ ይህ ቃል የተጻፈበት፣ ቀርከሃ ላይ የተንጠለጠለች የድመት ግልገል ያለችበት ሥዕል ታትሞ እጅግ ብዙ ሰው ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ለታመመ ሰው እንዴት አድርጌ ልንገረው? «እዚያው ተንጠልጥለህ ቆይ ነው» አልኩት በመጨረሻ። ሳቀ። ሳቁ ስፌቱን ጎተተውና ሆዱን ይዞ «እኔ ያልሰፋሁት ስፌት፣ ምን አውቄ ልመነው» አለ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ኮርኒሱ ሄደ።

«እሱም እንደጻፉት አልነበረም፣ አይደል?»

ዝም አልኩ።

«መዝገበ ቃላቱን ስመልስ ሰውዬው ነግረውኛል። ሚስማሩን መትቼ ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላወረድከውም?»

«መቼ ላውርደው? 19ኛ በወጣሽ ጊዜ?»

ለልጁ መልስ ጻፊለት፣ አይዞህ በይው አለኝ። «ዶንት ወሪ» ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት፤ ልጁ እኮ አልተጨነቀም። «ቢ ስትሮንግ» አልኩና እሱንም አጠፋሁ፤ ትእዛዝ ነው፣ ብቻውን እንዲበረታ ትቼው የሄድኩ መሰለኝ። አይዞህ ለተደናቀፈም፣ ለታመመም፣ ሐዘን ለተቀመጠም ይባላል፤ የሚለው ሰው ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። በነሱ ፊደል «አይዞህ» ብዬ እንዳለ ላክሁት።

ከሰዓት በኋላ በድምፅ መለሰ። አባቱን ጠይቆ ይሁን አላውቅም፣ «ህ»ዋን ውጦ «አይዞ፣ አባባ» ይላል። አባቴ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ ሰማና «ድገሚው እስቲ» አለኝ።