8:00 ስንት ሰዓት ነው?

ዛሬ የማካፍላችሁ የራሴን ስህተት ነው።

ውጭ አገር ለዓመታት ስሠራ ከቆየሁ በኋላ ለአንድ ወር በበጎ ፈቃድ ላገለግል ሐዋሳ መጣሁ። የተመደብኩበት ጤና ተቋም መናኸሪያ አካባቢ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ከበደኝ። ከገጠር የሚመጡ ወላጆች አርፍደው ይደርሱና "መኪናው እስኪሞላ ጠብቀን ነው" ይሉኛል። እኔ ደግሞ በደቂቃ ተቆጥሮ መሥራት የለመድኩ ነኝና ሰዓቴን እያየሁ እነጫነጫለሁ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ተቅማጥ የያዘውን የዓመት ከመንፈቅ ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ገና ፈሳሽ አላጠረውም። ኦአርኤስና ዚንክ አዘዝኩለት፤ በማግስቱ ላየው ፈልጌ ካርዱ ላይ "8:00" ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት የለችም። ረፋዱም አለፈ። ከምሳ በኋላ ስትገባ የልጁ ዓይን ጎድጉዷል፤ ውሃ ሲያይ ይስገበገባል፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም። ደንግጬ "እህቴ፣ እስካሁን የት ነበርሽ?" ብዬ ተቆጣኋት።

ካርዱን አሳየችኝ። "ዶክተር፣ 8 ሰዓት ነው እኮ ያሉኝ። ሌሊት ብሶበት ነበር፤ ግን ያለቀጠሮዬ ብመጣ ይመልሱኛል ብዬ ነው።"

የግድግዳው ሰዓት ልክ 8 ይላል። እኔ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቴ ነበር። እሷ አላረፈደችም። ልጇን 6 ሰዓት ያስጠበቅኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ጥድፊያ አይወድም። እዚያው ተቀምጣ ለ4 ሰዓት ያህል ኦአርኤሱን በማንኪያ እየደጋገመች ሰጠችው። ሲያስመልሰው 10 ደቂቃ ትጠብቅና ቀስ ብላ ትቀጥላለች። አንድም ጊዜ ሰዓት አላየችም። 12 ሰዓት ሲሆን ልጁ ሸና፤ ጡትም ጠባ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያናድደኝ የሰነበተው እርጋታ ነው ልጁን ያዳነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቀጠሮ ስሰጥ "ከጠዋቱ 2 ሰዓት" ብዬ እጽፋለሁ፤ ወላጅም መልሶ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ። ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ውድ ወላጆች፣ እነዚህን ያስታውሱ፦

✅ ቀጠሮ ሲሰጥዎት "ጠዋት ነው ከሰዓት? በኛ ሰዓት ስንት?" ብለው ይጠይቁ።

✅ "በየ8 ሰዓቱ" የተባለ መድኃኒት በቀን 3 ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ ለምሳሌ ጠዋት 12፣ ቀን 8 እና ማታ 4 ሰዓት። "ቀን በ8 ሰዓት ብቻ" ማለት አይደለም።

✅ 1 ሊትር የሚለውን የኦአርኤስ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡ፤ 24 ሰዓት ያለፈውን ይድፉ። ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘውን ቀን ያህል ይስጡ።

⚠️ ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለው ቀጠሮ አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን አሁኑኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

መኪናው እስኪሞላ መጠበቅ ይቻላል። የልጅ ፈሳሽ ማጠር ግን አይጠብቅም።

ለሌሎች ወላጆችም ያጋሩ። ጤና ለሁላችን!