በደጃችን ያለው ፍርስራሽ

በካምቦዲያ አገር በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸውን አንኮር ዋት ለማየት ከዓለም ዙሪያ ሰው ይጎርፋል። እኛ የቢቸናና የሞጣ ልጆች ግን በደጃችን ያለውን ስንቶቻችን አይተናል?

ከቢቸና ወደ ሞጣ ከሚወስደው መንገድ ወደ ምሥራቅ ገንጠል ሲሉ መርጡለ ማርያም ይገኛል። አንድ የበጋ ቀን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሄድን። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጣሪያ የሌለው ግንብ ቆሟል፤ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው አበባ ዛሬም ይለያል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ቤክ ስለዚሁ ፍርስራሽ እ.ኤ.አ. በ1847 ጽፎ አሳትሟል።

መጀመሪያ ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። የሐድያው ገራድ መሐመድ ልጅ፣ ከሙስሊም ቤት የወጡ፣ በኋላም በልጅነቱ ለነገሠው ለልብነ ድንግል ሞግዚት የሆኑ። ሕንፃው በኢማም አሕመድ ዘመን ጦርነት ጠፋ፤ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ኢየሱሳውያን ደግመው ሠሩት፤ እሱም ፈረሰ።

ወንድሜ «ታዲያ ይሄ የእኛ ነው የእነሱ?» አለኝ። እኔ የማስበው ሌላ ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ ዘመዶቻችንን ልናጽናና ሄደን የጠቆረውን ግድግዳ አይቻለሁ። ሽማግሌዎች ቆመው ሲያለቅሱም አይቻለሁ። እዚህም በጊዜው እንዲሁ የቆመና ያለቀሰ ሰው ነበር። «የተሠራውም የፈረሰውም የሁላችን ነው» አልኩት።

ውድ ወላጆች፣ በዕረፍት ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ካህናቱን በአክብሮት አስፈቅዳችሁ ግቡ። የእሌኒን ታሪክ ንገሯቸው፤ የሞጣንም አትደብቋቸው።