ለመለከት ስለ ተሰጠ ገንዘብ

በጥምቀት በዓል ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ሲመለሱ በፊታቸው ከሚሄዱት ሁሉ ይልቅ የሕዝቡን ዓይን የሚስቡት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ናቸው። በሞጆም ቢሆን፣ በመቂም ቢሆን፣ በዝዋይም ቢሆን፣ ብዙ ሰው ዛሬም ናዝሬት እያለ በሚጠራት በአዳማም ቢሆን፣ ወጣቶቹ በሰልፍ ቆመው ከበሮው ሲመታና መለከቱ ሲነፋ ልቡ የማይነሣ ምእመን የለም። ልቡ የተነሣ ሰው ደግሞ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ስለ ሰልፉ ማማር ብዙ ይነገራል፤ ከኪስ የወጣው ገንዘብ ግን ወዴት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

በአዳማ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ይህን የሚጠይቁ አንድ ሽማግሌ አሉ። በጕልማስነታቸው ዘመን በምድር ባቡር ጽሕፈት ቤት ጸሓፊ ሆነው ያገለገሉ ናቸውና፣ በመዝገብ ላይ ያለ ቦታው የተጻፈ ቍጥር ሲያዩ እንደ ሕመም ይሰማቸዋል። ሰበካ ጉባኤው ለወጣቶቹ የሰልፍ ሙዚቃ የሚሰጠውን ገንዘብ እንዲይዙ በመረጣቸው ጊዜ፣ መዝገቡን እንደ ልማዱ በገቢና በወጪ ከከፈሉ በኋላ በራሳቸው አሳብ ሦስተኛ ዓምድ አሰመሩበት። በራሱ ላይም «ዛሬ ምን ሆነ?» ብለው ጻፉ። ዕቃው በተገዛ በዓመቱ ሄደው፣ በዓይናቸው አይተው የሚጽፉበት ነው። ይህ ምን ይጠቅማል ብለው ለጠየቋቸው ሰዎች «ባቡርም ቢሆን መነሣቱ ብቻ አይጻፍም፤ መድረሱም ይጻፋል» ሲሉ መለሱ።

በዚህ ዓምድ መጀመሪያ የተጻፈው ስለ ልብስ ነው። አንድ ቸር ነጋዴ ለሠላሳ ወጣቶች የደንብ ልብስ አሰፍተው ሰጥተው ነበር፤ ሰማያዊ ሆኖ በትከሻው ላይ የወርቅ ቀለም ጥልፍ ያለበት ነው። በዚያ ዓመት ሰልፉን ያየ ሁሉ አደነቀ፤ ነጋዴውም በአደባባይ ተመሰገኑ፤ ምስጋናውም የሚገባቸው ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን የብዙዎቹ እጅጌ ከክንዳቸው እኩሌታ ላይ ቀረ። ሽማግሌው በሦስተኛው ዓምድ «ልጆቹ አደጉ። ልብሱ በሣጥን ነው» ብለው ጻፉ።

ቀጥሎ ያለው ስለ መለከቶቹ ነው። ከአዲስ አበባ ስምንት ተገዝተው መጡ፤ የሚያስተምር ግን አልመጣም። ወጣቶቹ በስልካቸው ላይ እያዩ፣ እርስ በርሳቸውም እየተራረሙ ይነፉ ጀመር። የአዳማ ነፋስ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከከተማይቱ አጠገብ በተራራው ላይ የተተከሉት የነፋስ መዘውሮች አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሰጡ ሆነው የተሠሩት በከንቱ አይደለም። ያው ነፋስ አቧራውን ይዞ በመለከቱ መርገጫዎች ውስጥ ይገባል። መርገጫው ሲይዝባቸው አንዱ ወጣት የምግብ ዘይት አፈሰሰበት፤ ዘይቱም ከአቧራው ጋራ ተጋግሮ እንደ ሙጫ ሆነ። ለዚህ የሚሆነው ቀጭን ዘይት በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ፣ ዋጋውም ከመለከቱ ጋራ ሲተያይ ከቍጥር የማይገባ ነው። ነገር ግን መለከት የሚገዛ ሰጪ ሲገኝ ዘይት የሚገዛ ሰጪ አልተገኘም፤ ስለ ዘይት ማን በአደባባይ ይመሰገናል? በዓመቱ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው «ከስምንቱ ሦስቱ ይነፋሉ» የሚል ነው።

ከሁለቱ ከበሮዎችም አንዱ በፀሐይ ላይ ተረስቶ ውሎ ቆዳው ተሰነጠቀ። አባቶች ሰፊውን አፍ የመለኮት፣ ጠባቡን የትስብእት፣ ጠፍሩን የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ አድርገው ያስተማሩበት ዕቃ በዕቃ ቤት ጥግ ተጥሎ አቧራ ሲለብስ ማየት ለሽማግሌው ከበዳቸው። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ከተማ ናት፤ ለከበሮ የሚሆነው ግን ያልተለፋ ጥሬ ቆዳ ስለ ሆነ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ያሻል፤ ለዚያ ሰው ድካም የሚከፈል ገንዘብ ደግሞ በየትኛውም ሰጪ ስም አልተመዘገበም ነበር።

ይህ ሁሉ የዕቃ ነገር ነው። ሽማግሌውን እንቅልፍ የነሣቸው ግን ሌላ ነው። ከወጣቶቹ መካከል ማንም ሳያስተምረው ከሁሉ አጥርቶ የሚነፋ አንድ ልጅ ነበረ፤ በአውቶቡስ መናኸሪያ ዕቃ እየተሸከመ የሚያድር ነው። ከዕለታት በአንዱ ቀረ፤ ሳምንትም አለፈ፤ ወርም አለፈ። ሽማግሌው ምርኵዛቸውን ይዘው በመናኸሪያው ፈለጉት። ባገኙትም ጊዜ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ልጁ ሸክሙን አውርዶ እጅ ነሣና «አባባ፣ ልብሱን አጥቤ ለዕቃ ቤት ኀላፊው አስረክቤያለሁ፤ ያጐደልሁት ነገር የለም» አላቸው። ልብስ ፍለጋ የመጡ መስሎት ኖሯል። ሽማግሌው ለጊዜው የሚመልሱት ጠፋቸው። ኋላ በቀስታ ሲጠይቁት፣ ልምምዱ በሳምንት ሦስት ቀን ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ የሦስት ቀን ግማሽ ገቢው እንደሚቀርበት፣ የባጃጅ ዋጋም እንደሚያወጣ፣ ታናሽ እኅቱም በእርሱ እጅ እንዳለች ነገራቸው። በትከሻው ላይ የወርቅ ጥልፍ ያደረጉለት ሰዎች ምሳ መብላት አለመብላቱን አልጠየቁትም ነበር፤ ሽማግሌውም ከማይጠይቁት አንዱ ነበሩ።

በሚከተለው እሑድ ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ስለ አዲሱ ገንዘብ ሲመክር፣ ነጋዴው አንድ ታላቅ የሰልፍ ከበሮ ለመግዛትና ስማቸውን በዙሪያው ለማጻፍ አሰቡ። ሰጪ የሰጠውን ለማየት መውደዱ ነውር አይደለምና በዚህ ማንም ሊፈርድባቸው አይገባም። ሽማግሌው ግን መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 12 እንዲነበብ ለመኑ። በዚያ ምዕራፍ ንጉሡ ኢዮአስ የቤተ መቅደሱን ፍራሽ ሊያሳድስ በተነሣ ጊዜ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አምጥቶ ክዳኑን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረው፤ የተሰበሰበውም ብር ለጠራቢዎችና ለግንበኞች ለሠራተኞችም ሁሉ ተሰጠ እንጂ የብር ጽዋና መለከት አልተሠራበትም። መለከት የሚለው ቃል በስሙ ተጠርቶ ይገኛል። ዕቃውስ ፈጽሞ ቀረ ወይ ቢሉ፣ በዜና መዋዕል ካልዕ ምዕራፍ 24 ሥራው ካለቀ በኋላ በተረፈው ብር ዕቃ እንደ ተሠራበት ተጽፏል። ስለዚህ መጽሐፉ ዕቃን አልነቀፈም፤ ተራውን ብቻ ለየ።

በጉባኤው የነበሩ አንድ መሪጌታ ይህን ሰምተው ፈገግ አሉ። እርሳቸው ከልጅነታቸው ጀምረው በዜማ ቤትና በአቋቋም ቤት ያደጉ ናቸው። «እኛን ያስተማረን ቍራሽ ነው» አሉ። «ደበሎ ለብሰን፣ ውሻ እየጮኸብን በየደጁ ስንለምን እናቶች ለቆሎ ተማሪ ብለው የሰጡን ቍራሽ እንጀራ ነው። የሰጡት ነገር በማግሥቱ አይታይም። ነገር ግን ጾመ ድጓው የተዘለቀበት በእርሱ ነው።» መለከቱ ከቅጥሩ ውጭ ለሰልፍ ይነፋ እንጂ በማኅሌት ከበሮና ጸናጽል ይበቃናል የሚሉት እኚሁ መሪጌታ ናቸው፤ በዚያ ቀን ግን ስለ መለከተኞቹ ምሳ ከሁሉ አብልጠው ተከራከሩ።

በአገራችን የመለከት ሙዚቃ ታሪክ ራሱ ከዚህ ጋራ የሚስማማ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ መለከቶች ሲልኩ አስተማሪም አብሮ መጣ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም በደረሱ ጊዜ በመለከት የተቀበሏቸው በ1907 ዓ.ም. ከጀመረው እልቂት የተረፉ የሙት ልጆች ነበሩ። ራስ ተፈሪ የልጆቹን አነፋፍ ካደነቁ በኋላ መለከት ገዝተው ወደ አገራቸው መመለስ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ልጆቹን ራሳቸውን ከፓትርያርካቸው ለምነው፣ ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋራ አስመጡ። ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት እነዚህ ልጆች «አርባ ልጆች» ተብለው ቀሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል የተሰማውን የዮፍታሔ ንጉሤን ግጥም በዜማ ያዘጋጀው ያው ናልባንዲያን ነው፤ ከእርሱም በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተማረ። ልጆቹ ይነፏቸው የነበሩት መለከቶች ዛሬ የት እንዳሉ የሚጠይቅ የለም፤ የአስተማሪው ስም ግን ሙዚቃ በተነሣ ቍጥር ይነሣል።

በኮንጎም በኪንሻሳ ከተማ የኪምባንጉ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 የሙዚቃ ጓድ ሲያቆሙ የነበሯቸው ቫዮሊኖች ጥቂት ስለ ነበሩ በተራ እየተቀባበሉ ተማሩ፤ ጅማት ሲበጠስባቸውም የብስክሌት ፍሬን ሽቦ አሰሩ። ዕቃ ሲያንስ ትምህርት አልቆመም። በአዳማ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነበር፤ ዕቃው ሞልቶ ትምህርቱ ቆመ።

ጉባኤው ብዙ ከተከራከረ በኋላ የሽማግሌውን አሳብ ተቀበለ። ገንዘቡ አስቀድሞ ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል በጡረታ ለወጡ አንድ ሃምሳ አለቃ የወር ክፍያ እንዲሆን፣ ቀጥሎ ለወጣቶቹ የመመላለሻና የምሳ፣ ከዚያ ለዕድሳት፣ የተረፈ እንደ ሆነ ለዕቃ እንዲሆን ተወሰነ። ነጋዴውም ቅር ብሏቸው ወጡ፤ በዚያ ዓመት አንድ ብር አልሰጡም። ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። በጥምቀት ወጣቶቹ ያለ ደንብ ልብስ ነጠላ ለብሰው ወጡ፤ ከሌላ አጥቢያ የመጡ ሰዎችም «ደኸዩ እንዴ?» ሲሉ ሽማግሌው በጆሯቸው ሰሙ። ያን ቀን ቤታቸው ገብተው እራት አልበሉም።

ያ ሸክም ተሸካሚ ልጅ አልተመለሰም። የመመላለሻው ገንዘብ በተገኘ ጊዜ እርሱ ወደ መተሐራ ለሥራ ሄዶ ነበር። እኅቱ ግን መጣች። መለከት አልፈለገችም፤ የተጠገነውን ከበሮ ይዛ ትመታለች፤ ሃምሳ አለቃውም እጇ ፈጣን ነው ይላሉ።

በሐምሌ ወር በአንድ ምሽት፣ ዝናብ አባርቶ ወጣቶቹ በአዳራሹ ሲለማመዱ፣ ነጋዴው በበሩ አጠገብ ቆመው ታዩ። ሃምሳ አለቃው አንዱን ዜማ እያስቆሙ እንደ ገና ሲያስጀምሩ፣ እንደ ገና ሲያስቆሙ ብዙ ጊዜ አዩ። ሽማግሌው ወንበር ሰጥተዋቸው መዝገቡን በጕልበታቸው ላይ ዘረጉላቸው። ነጋዴው ስለ ልብሱ የተጻፈውን ደጋግመው አነበቡ። ከዚያም «እኚህ ሰው በወር ስንት ይከፈላቸዋል?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌውም ነገሯቸው። ነጋዴው የስድስት ወሩን ቈጥረው ሰጡና ስማቸው እንዳይጻፍ ለመኑ፤ ሽማግሌው ግን ሒሳብ ያለ ስም አይያዝም ብለው ጻፉት። ሦስተኛው ዓምድ ላይ እስካሁን የተጻፈ ነገር የለም፤ ዓመቱ አልሞላም።